እናቴን ቀስ ብለን ሸኘናት

በ1987 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። ቡናው ቀልቶ፣ ቴፒ በሙሉ ለቀማ ላይ ነበረች። በዚያ ሰሞን፣ በአንድ ረፋድ ከንፈሬ ላይ የቀረው የናስ ጣዕም እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ጨው ጨው ይላል፣ ትንሽ ይመራል። ሳላስበው ይመጣል። ትናንትም መጣ።

ትናንት በቴሌቪዥን የአንድ ትልቅ ሰው ቀብር ሲያሳዩ አብረን አየን። ባንዲራ የለበሰው ሣጥን፣ ነጭ ጓንት ያጠለቁት ወታደሮች፣ ከፊት ከፊት ማርሽ ባንዱ። አንቺ «እማዬ፣ ይሄ ሙዚቃ ልብ ያደክማል፣ ልቀይረው?» አልሽኝ። እኔ ተነስቼ ቆምኩ። የቆምኩት ለሟቹ አልነበረም፤ ነፍሱን ይማር፣ አላውቀውም። ለምን እንደቆምኩ ስትጠይቂኝ ወጡ ሊያር ነው ብዬ ወደ ማድቤት ሄድኩ። ወጥ አልጣድኩም ነበር። ዛሬ ልንገርሽ።

አባቴ የሠራዊቱ ሙዚቀኛ ነበር። አዲስ አበባ፣ በማርሽ ባንድ ውስጥ ትራምፔት ይጫወት ነበር። መሪ ሲመጣ ይነፋል፣ መሪ ሲሄድ ይነፋል፣ ትልቅ ሰው ሲሞትም ይነፋል። እናቴ የከተማው ኑሮ ሲከብዳት እኔን አዝላ፣ ቡና ልማት የሚሠራ ወንድሟን ተከትላ ቴፒ ወረደች። ወንድሟ ሥራ ቀይሮ ሲሄድ እሷ እዚያው ቀረች። ለለቃሚዎች ሻይና ዳቦ ትሸጥ ነበር። አባቴ የሚመጣው ፈቃድ ሲያገኝ ብቻ ነው። ለእኔ አባት ማለት የጫማ ቀለም የሚሸት፣ ከተላመድነው በኋላ የሚሄድ እንግዳ ነበር።

በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ግን መጥቶ አልሄደም። በክረምቱ ዝናብ፣ ከጭነት መኪና ወርዶ ጭቃውን እያቋረጠ ሲመጣ አየሁት። ካፖርቱ ሰፍቶት ነበር። መንገድ ላይ ከመኪናው ወድቆ የፊት ጥርሶቹ ረግፈዋል። በብብቱ ሥር በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። እናቴ ስንቅ መስሏት ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። ትራምፔቱ ነበር።

አድሮ ሲነሳ በረንዳው ላይ ወጥቶ ነፋው።

ጥርስ ለሌለው ሰው ትራምፔት አይታዘዝም፤ ከንፈሩ የሚደገፍበት የለውም። ዜማ ሊያወጣ ፈልጎ አንድ ረጅም፣ የሻከረ፣ የሚያቃስት ድምፅ አወጣ። አንድ ብቻ። በእኛ ሰፈር ይህ ምን ማለት እንደሆነ አያውቅም ነበር።

በእኛ ሰፈር ጠዋት ጥሩምባ ከተነፋ ሰው ሞቷል። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ መንደር ለመንደር እየዞረ ይነፋል፤ ከዚያ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ!» ብሎ የሟቹን ቤት ይናገራል። ስለዚህ አባቴ ነፍቶ ትንፋሹን ሳይመልስ በሮች ተከፈቱ። ሴቶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወጡ። አንዷ ጎረቤታችን ማን እንደሞተ እንኳ ሳትሰማ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ደረቷን መምታት ጀመረች። ወንድሟ ከኋላዋ ቆሞ «እንዴ፣ እኔን ነው?» አላት።

ጥሩምባ ነፊው የራሱን ጥሩምባ በትከሻው አንግቶ፣ እየሮጠ መጣ።

«ማነው የነፋው?»

«እኔ ነኝ» አለ አባቴ።

«ማን ሞቶ?»

«ማንም አልሞተም። ይሄ ደግሞ ጥሩምባ አይደለም፤ ትራምፔት ነው።»

«ሲነፋ ሰው ካለቀሰ ጥሩምባ ነው! አሥር አለቃ፣ ከዚያ ድረስ የመጣኸው እንጀራዬን ልትቀማኝ ነው?»

እናቴ በሩ ላይ ቆማ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ትስቅ ነበር። ከዚያ በፊት እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም። ጥርሱ የረገፈ ባል፣ ሥራ የሌለው ባል፣ ሰፈሩን ሁሉ ያስለቀሰ ባል ቤቷ ገብቶላት ትስቃለች። እግዚአብሔር ያችን ሳቅ ስላሳየኝ አመሰግነዋለሁ።

ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ሊቀመንበሩ አባቴን አስጠራው። አባቴ የወታደር ካፖርቱንና ቀበቶውን አስረከበ። ትራምፔቱ ላይ ሲደርሱ ግን ሊቀመንበሩ ተቸገረ፤ ጠመንጃ አይደለም።

«ይሄ ምን ይሠራል?»

«ይነፋል።»

«ለማን?»

«ለሬሳ።»

ሊቀመንበሩ ወጣት ነበር። ክፉ አልነበረም፤ ፈሪ ነበር። ዘመኑም ሁሉም ሁሉንም የሚፈራበት ነበር። «ቤትህ ይቀመጥ» አለው። «ድምፁን ግን እንዳልሰማ። ለተበተነ ጦር የመሰብሰቢያ ጥሪ ይመስላል። ከሰማሁት በማግስቱ ጠዋት እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ አገኘዋለሁ፤ አንተንም አብሬ።»

አባቴ ይህን ለእናቴ ሲነግራት እኔ በሩ ሥር ዳቦ እየቆረጥኩ ነበር። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

ከዚያ ትራምፔቱ አልጋ ሥር፣ ሣጥን ውስጥ ገባ። አባቴ የቡና ማጠቢያው ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ። ብዙ አይናገርም ነበር፤ ሲናገር ጥርስ የሌለው አፉን በእጁ ይሸፍናል።

አንድ ቀን ዝናቡ ቆርቆሮአችንን ሊበሳው ደረሰ። ቴፒን ታውቂያታለሽ፤ ተመስገን፣ ዝናብ አጥሯት አያውቅም። እርስ በርስ እንኳ መሰማማት አልቻልንም። አባቴ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ። ጎንበስ ብሎ ሣጥኑን ጎተተው። ትራምፔቱን አውጥቶ እጄ ላይ አኖረው።

«ከንፈርሽን ግጠሚ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ጮኸ። «አሁን እንደ ንብ ዝዝዝ በይ።»

እንዲህ ተጀመረ። ቆርቆሮው ማንባረቅ ሲጀምር አባቴ «አምጪው» ይላል። ዝናቡ ሲያባራ የጀመርነውን ሳንጨርስ እናቆማለን። በለቀማ ወቅት ደግሞ ማጠቢያው ዘንድ ምሳ ሳደርስለት፣ ቡና መፈልፈያው ማሽን ሲጮህ ከጀርባው ቆመን እንነፋለን። የረጠበው የቡና ገለባ ሲብላላ እንደ ጠላ ይሸታል፤ ትምህርቴ ሁሉ በዚያ ሽታ ውስጥ ነው። የምነፋውን የምሰማው በጆሮዬ አልነበረም፤ በጥርሴና በግንባሬ አጥንት ነበር። አባቴም አይሰማኝም። መዳፉን የትራምፔቱ አፍ ላይ ያደርግና ነፋሱን እየዳበሰ «ወረደ፣ ወረደ፣ አንሺው» ይለኛል።

እናቴ መጀመሪያ አልወደደችውም።

«ሴት ልጅ ጉንጯን ነፍታ ማን ያገባታል?»

«ትራምፔት በጉንጭ አይነፋም፤ ጉንጯን የምትነፋ ከሆነ እኔ አስተማሪ አይደለሁም» አላት።

ያስተማረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቀብሩን መራመጃ። ስለ ሌላው ስጠይቀው «ለበዓሉና ለሰልፉ ብዙ ሰው ይነፋል» አለኝ። አንድ ከሰዓት ዝናቡ በመሀል ሲቆም፣ እናቴ ዳቦ እያቦካች፣ የማልረሳውን ነገር ነገረን።

«ሰው ይሄ ሙዚቃ ማስለቀሻ ይመስለዋል» አለ። «አይደለም። ለእግር ነው። ትልቅ ሰው ሲሞት ሁሉም ይቸኩላል። ወንበሩን የሚመኝ አለ፣ ሹመት የሚጠብቅ አለ፣ ፀሐይ የሚፈራ አለ። ብንተዋቸው ሮጠው ቀብረውት ይመለሱ ነበር። ለዚህ ከበሮው ጥቁር ይለብሳል፤ ድምፁ ታፍኖ አንድ ሲመታ አንድ እርምጃ ነው። ከበሮው ካልመታ ሚኒስትርም ቢሆን እግሩን አያነሳም። የምናዘገያቸው እኛ ነን፤ አሥር አለቃ ጄኔራሉን የሚያዝበት ቀን ያ ብቻ ነው።»

እናቴ እጇን ከሊጡ ሳታወጣ «ለማታውቀው ሁሉ ስታዘገይ ኖረሃል» አለችው። «እኔ ስሞት ግን እንደ ቡና ጆንያ ወርውረውኝ ይመለሳሉ።»

ቀልዷን ነበር። እኔ ሳቅሁ። አባቴ አልሳቀም።

በዚያ ኅዳር ወባ ገባ። እናቴ ሰኞ ዕለት ሻይዋን ሸጣ ስትመለስ በረደኝ አለች። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ የሰጡንን ክኒን አስዋጥናት፤ ጠበል አመጣሁላት። በሽታው ግን ጭንቅላቷ ላይ ወጣ። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ የእኔን ስም ጠርታ፣ «ዳቦው» አለችና ሄደች። ከዚህ በላይ ስለዚያ ጠዋት አልናገርም።

ጥሩምባ ነፊው መንደሩን ዞሮ ነፋ። ድንኳን ተተከለ። የእድሩ ዳኛ መጣ፤ አባቴን አቅፎ አለቀሰ፤ ከልቡ ነው ያለቀሰው። ከዚያ ዓይኑን ጠርጎ ሰዓቱን አየ።

«አሥር አለቃ፣ መቼም የእድራችንን ውሳኔ ታውቃለህ» አለ። «ለቀማ እስኪያልፍ ቀብር ከረፋድ አያልፍም ተባብለናል። ቡናው መሬት ላይ እየረገፈ ነው። ተሸካሚዎች መድበናል፤ የቀረው ሰው ሥራው ላይ ይሁን፣ ማታ ድንኳን ይመጣል። ቶሎ ወስደን ቶሎ እንመለስ።»

አባቴ ዓይኑን ወደ ቤታችን በር መለሰ።

«እሷም ብትሆን አትቀየምም» አለ ዳኛው። «ከለቃሚ ጋር የኖረች ሴት ናት። የለቀማን ነገር ታውቃለች።»

እኔ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር። ያን ጊዜ እንባዬ ቆመ። እናቴ ዕድሜዋን ሁሉ ስትሮጥ የኖረች ሴት ነበረች። ወደ ገበያ ስትሮጥ፣ ወደ ውሃ ስትሮጥ፣ ሻይው ሳይቀዘቅዝ ለቃሚው ዘንድ ለመድረስ ስትሮጥ። ቢያንስ በዚህች መንገድ አትሮጥም አልኩ። ጮክ ብዬ አልነበረም። ግን አልኩ።

ቤት ገባሁ። ሣጥኑን ጎተትኩ። ብርድ ልብሱን ስፈታ አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ተይው» አለኝ።

«አልተውም።»

«ከነፋሽው ይወስዱታል።»

«ይውሰዱት።»

«እኔንም ይወስዱኛል፣ ልጄ። ያኔ አንቺ ከማን ጋር ትቀሪያለሽ?»

«አባባ፣ አንተ ግን እማዬ እንድትሮጥ ትፈልጋለህ?» አልኩት።

ከዚያ መጥቶ አጠገቤ ተንበረከከ። የትራምፔቱን አፍንጫ፣ ከንፈር የሚያርፍበትን፣ ነቀለና በሁለት መዳፉ መሀል ይዞ እፍ እያለ አሞቀው።

«በቀዝቃዛ አይጀመርም» አለ። «የመጀመሪያው ድምፅ ይሰበራል።»

ወጥተን ለንስሐ አባታችን ነገርናቸው። ካህን ናቸው፤ ሳይፈቅዱ አላደርገውም ነበር፤ ዛሬም አላደርገውም። ጸሎተ ፍትሐቱን ለመጀመር መስቀላቸውን ይዘው ነበር። ትራምፔቱን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ከቤተ ክርስቲያኑ በር ወዲያ አይሆንም» አሉ። «እዚያ የሚሰማው የእኛ ጸሎት ነው። እስከ በሩ ያለው ግን የመንግሥት መንገድ ነው፤ እኔ አላዝበትም።» ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ቡና ለመልቀም የሚያስቸኩል ትእዛዝ በመጽሐፍ አላነበብኩም» አሉ።

ሬሳው ተነሳ። ተሸካሚዎቹ ትከሻቸው ጆንያ የለመደ ነበር። ወዲያው ሶምሶማ ያዙ። ሣጥኑ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሲል አየሁ። ከሴቶቹ መሀል ወጣሁና ሮጬ አለፍኳቸው። ከኋላዬ «አንቺ ልጅ! ሴት ከሬሳ ፊት ትቀድማለች እንዴ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አንዷ ነጠላዬን ያዘች። ነጠላውን ተውኩላት።

መንገዱ መሀል፣ ከተሸካሚዎቹ ፊት ቆምኩ። ጭጋጉ ከቡናው ጥላ ዛፎች ላይ ገና እየተነሳ ነበር፤ ብርሃኑ ነጭ ነበር። ትራምፔቱን አነሳሁና ነፋሁ።

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ራሴን ሰማሁ። ዝናብ የለም፣ ማሽን የለም። ድምፁ ከእኔ ወጥቶ ሄደ፣ ከዛፎቹ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ነገር በሆዴ እንዳለ አላውቅም ነበር። ተሸካሚዎቹ ቀጥ ብለው ቆሙ። አባቴ ከጎኔ መጣ። ከበሮ አልነበረንም። ከጦሩ የተረፈውን ቦቲ ጫማውን አነሳና መሬቱን መታው። አንድ። ቆየ። አንድ። በአፉ ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣ «ግራ… ቀኝ…» ይላል። አፉን በእጁ አልሸፈነም።

ተሸካሚዎቹ መጀመሪያ ግራ ተጋቡ። ከዚያ አንዱ እግሩን ከአባቴ ጫማ ጋር አሳረፈ። ሌሎቹ ተከተሉት። ሣጥኑ ቀጥ አለ፤ እናቴ በውሃ ላይ እንደምትሄድ ሆነች።

የሆነው የሆነው ከዚያ በኋላ ነው።

በሮች መከፈት ጀመሩ። ጥሩምባ ሁለተኛ ተነፍቷላ! የእኛ እድር ጠዋት ነፍቷል፤ አሁን ደግሞ የሚነፋ ካለ ሌላ ሰው ሞቷል ማለት ነው። ከታችኛው ሰፈር ሴቶች ነጠላ እያዘቀዘቁ ወጡ። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። ሙስሊሙ ባለ ሱቅ ግማሹን በር ዘግቶ ወጣ። ከቡናው ውስጥ ለቃሚዎች ቅርጫታቸውን ወገባቸው ላይ እንዳሰሩ፣ እጃቸው በቡናው ጭማቂ እንደተጣበቀ፣ እየሮጡ መንገዱ ዳር ደረሱ።

«ማን ሞተ?»

«የሻይዋ ሴትዮ።»

«እሷማ ጠዋት ተነግሯል! አሁን የተነፋው ለማነው?»

«ለእሷው ነው።»

«ሁለት ጊዜ?»

የእድሩ ዳኛ ከኋላ ተንደርድሮ መጣ። «አቁሚ! አቁሚ እልሻለሁ! የሌላውን እድር ሁሉ አስወጣሽብኝ! ከተማው ሥራ ሊፈታ ነው!»

አልመለስኩለትም። አፌ ሥራ ላይ ነበር።

ዳኛው ወደ ጥሩምባ ነፊው ዞረ። «አንተስ ምን ትላለህ? ሥራው ያንተ አይደለም?»

ጥሩምባ ነፊው ጥሩምባውን በብብቱ ይዞ ሰዉን ያያል። አባቴ ከመጣ ጀምሮ በደንብ ሰላም ብሎት አያውቅም። «ጌታው፣ ተዋት» አለ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ነፍቼ እንዲህ ወጥቶልኝ አያውቅም።»

መንገዱ ዳር አንድ የሸኮ ሽማግሌ ለቃሚ ቆመው ነበር። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው። አባቴን አዩትና «ማነው ትልቅ ሰው የሞተ?» አሉ።

«የእኔ ባለቤት ናት» አለ አባቴ፣ እርምጃውን ሳይለቅ።

«የመንግሥት ሰው ነበረች?»

«የእኔ ሰው ነበረች።»

ሽማግሌው አሰቡ። ቅርጫታቸውን ፈትተው ሣር ላይ አስቀመጡት። «ይሄ ትልቅ ነው» አሉና ከኋላ ገቡ። ሌሎቹም ቅርጫት ማስቀመጥ ጀመሩ።

ተሳስተው ነው የወጡት። ይህን አውቃለሁ። የሌላ ሰው ሬሳ ፈልገው ነው የወጡት። ግን እርምጃው ቀርፋፋ ነበርና ለመመለስ ጊዜ ነበራቸው። ማንም አልተመለሰም። ከሞላ ጎደል ሁሉም ሻይዋን ጠጥተዋል።

የቤተ ክርስቲያኑ በር ጋ ስደርስ የዜማው መጨረሻ ገና ነበር። በሩን ሳላልፍ ቆሜ ጨረስኩት። ትራምፔቱን ከከንፈሬ ሳወርድ ደም ነበረው። ሬሳው በፊቴ አልፎ ገባ፤ ካህናቱ ተቀበሉት።

ያኔ ሊቀመንበሩ መጣ፤ ከአንድ ታጣቂ ጋር። ሰዉን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ይሄ ሰልፍ በማን ፈቃድ ነው?»

«ቀብር ነው» አለ አባቴ።

«ቀብርማ ረፋድ ላይ በተሸካሚ ያልቃል ተብሏል። ይሄ ሁሉ ሰው ምን ሊሠራ መጣ?»

ጥሩምባ ነፊው ከመሀል «ተሳስተው ነው፣ ጌታዬ» አለ።

«ተሳስተው ከሆነ ለምን አይሄዱም?»

አንዲት ሴት፣ ያችው «ወንድሜን» ስትል የነበረችው፣ ነጠላዋን አጥብቃ አዘቀዘቀች። ሊቀመንበሩ ሰዉን አየ፤ ታጣቂውን አየ። ታጣቂው ባርኔጣውን አውልቆ ነበር።

«ነገ ጠዋት» አለው ለአባቴ።

«አውቃለሁ» አለ አባቴ።

እናቴ ሳይቸኮል ተቀበረች። ጸሎቱ ሙሉውን ተደረሰ። አፈሩ በአካፋ ብቻ አልተመለሰም፤ ብዙ እጅ አፈሰላት። ለቃሚዎቹ ወደ ቡናው የተመለሱት ፀሐይ ከአናት ካለፈች በኋላ ነው። የዚያን ቀን የረገፈ ቡና ካለ አንድም ሰው አልነገረኝም።

አንዳንድ ሰው ዛሬም ለዚያ ነገር ይቅርታ የምጠይቅ ይመስለዋል። ለመሪዎች የተፈቀደ ነገር ለሻይ ሻጭ አይገባም የሚል አለ። አባቴን፣ ነፍሱን ይማርና፣ በትራምፔት ሳይሆን በዝምታ ነው የሸኘሁት፤ እሱ እንደዚያ ስላለ። ለእናቴ ያደረግሁትን ግን አሁንም አደርገዋለሁ። ትናንት ባንዱ ሲያልፍ የቆምኩት ለዚያ ነው። ሣጥን ውስጥ ያለውን ማወቅ አልፈለግሁም። እነዚያ ልጆች ጉንጫቸው ሳይነፋ፣ ያን ሁሉ ባለ ሥልጣን ሲያዘገዩ ለማየት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ አባቴ በረንዳው ላይ ነበር። ትራምፔቱን በሎሚና በአመድ እየወለወለ ነበር። የካፖርቱን ቦታ የሚተካ ነገር ስላልነበረው ነጠላ ደርቧል።

«ቆሽሾ አይመለስም» አለኝ። ሊሄድ ተነሳ።

«ሠልስት ሳይወጣ ባለ ሐዘን ከፍራሽ አይነሳም» አልኩት። «እኔ እሄዳለሁ።»

«የሚፈልጉት እኔን ነው።»

«የነፋሁት እኔ ነኝ።»

አልተከራከረኝም። ብርድ ልብሱን ሊጠቀልልበት ሲያመጣ እምቢ አልኩ። ትራምፔቱን ሳልሸፍን፣ ፀሐይ እያበራችበት፣ በገበያው መሀል ይዤው ሄድኩ። ሰው ያያል። ይይ።

ሊቀመንበሩ ብቻውን ነበር። ትራምፔቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት።

«አባትሽስ?»

«ሐዘን ላይ ነው። የነፋሁት እኔ ነኝ። የሚታሰር ካለ እኔ ነኝ።»

አየኝ። ከንፈሬን አየ፤ አብጦ ነበር። ትራምፔቱን አንስቶ መዘነው፤ የት እንደሚያስቀምጠው አላወቀም። በመጨረሻ ቁምሳጥኑ ላይ፣ ከአሮጌ ወረቀትና ከአካፋ እጀታ ጎን አኖረው። ጀርባውን ሰጥቶኝ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ። ከዚያ ዞሮ ድምፁን ጠንከር አደረገ።

«ሁለተኛ እንዳልሰማ።»

«ሁለተኛ እናት የለኝም» አልኩት።

ሂጂ አለኝ። አባቴን አላስጠሩትም። ለዚህም እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ሊቀመንበሩንም አመሰግናለሁ።

ለለቀስተኛው ውሃ አልተቀዳም ነበር። ቤት ተመልሼ ጀሪካኑን ይዤ ወደ ምንጩ ወረድኩ። ወረፋው ረጅም ነበር። ሴቶቹ ሲያዩኝ ወሬያቸውን አቆሙ፤ ጀሪካናቸውን ገፋ ገፋ አድርገው «ነይ፣ አንቺ ቅጂ፣ ቤት ሰው ይጠብቅሻል» አሉኝ።

እግዜር ይስጥልኝ አልኳቸው። አልቀደምኩም። ከኋላ ቆሜ ተራዬን ጠበቅሁ።